ለዓሣ ማጥመጃ የኪራይ ጀልባ የሚስማማውን መድን እንዴት እንምረጥ?

በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን ስለ መድን እንማራለን። ለምሳሌነት የወሰድነው አንድ አነስተኛ ንግድ ነው፤ ከአሽዶድ ማሪና ተነሥቶ፣ ከፍለው የሚመጡ እንግዶችን ለአራትና ለአምስት ሰዓት ወደ ባሕር የሚያወጣ፣ ሎኩስ፣ ኢንቲያስ ወይም ፓላሚዳ ሲያጠምዱ ቆይተው በሰላም የሚመልስ የኪራይ ጀልባ። ይህን መምረጣችን ሁላችንም ጀልባ እንገዛለን ብለን አይደለም። የሕግ፣ የሂሳብና የንግድ አመራር ተማሪዎች በየክፍላቸው ለየብቻ የሚማሩት የመድን ዓይነት ሁሉ በአንዲት ጀልባ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ነው። የተሳፋሪ ጉዳት፣ የሠራተኛ ጉዳት፣ የንብረት ጉዳት፣ የአካባቢ ብክለት፣ ጦርነት፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ወለል ላይ ይገናኛሉ።

ሌላም ምክንያት አለን። ብዙዎቻችን የወላጆቻችንንና የታላላቆቻችንን የዕብራይስጥ ውል አንብበን የምናስረዳ፣ ፊርማው የት እንደሚያርፍ የምናሳይ ልጆች ነን። ለእንዲህ ያለ ንግድ የሚውለው ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ቁጠባና የባንክ ብድር ነው። ሁለት ወንድማማቾች ኩባንያ ሳያቋቁሙ በሽርክና ከሠሩ፣ የንግዱ ዕዳ እያንዳንዳቸውን በግል ይከተላቸዋል። ስለዚህ የጀልባው መድን የመኖሪያ ቤቱም ጉዳይ ነው። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሰቅል ቁጥሮቹ ደግሞ ለማስተማሪያ ያህል ያወጣናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

1. መድን ሰጪው የሚያውቀን በወረቀት ነው

የመድን ሐሳብ ለማኅበረሰባችን እንግዳ አይደለም። በዕድር ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ መከራ የደረሰበት አንዱ ይደገፋል። መድንም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የዕድር አባላት ሰውየውን ያውቁታል፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን ያውቃሉ፤ ደንቡ ያልጠቀሰው ነገር ቢደርስበት እንኳ ተመካክረው ሊረዱት ይችላሉ። መድን ሰጪው ግን የሚያውቀን በተጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ጀልባውን «ለግል መዝናኛ» ካለው፣ በመድን ሰጪው ዓይን የኪራይ ጀልባ የሚባል ነገር የለም።

የባሕር መድን ቋንቋ በአብዛኛው የመጣው ከለንደን ነው። በ1985 በለንደን የወጡት የመዝናኛ ጀልባ መደበኛ አንቀጾች ጀልባው ለግል መዝናኛ ብቻ እንዲውል፣ መድን ሰጪው በተለይ ካልተስማማ በስተቀር በኪራይም ሆነ በክፍያ እንዳይሠራ ግዴታ ያስገባሉ። በሌሎች አገሮችም የሚሸጡ የጀልባ ውሎች ተመሳሳይ አንቀጽ ይዘው ይገኛሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሽርሽር በገዛው መድን፣ ቅዳሜ ማታ ስድስት እንግዶችን በገንዘብ ይዞ ቢወጣና አደጋ ቢደርስ፣ አረቦኑን በየወሩ ሳያጓድል የከፈለ ቢሆንም ካሣ ሊከለከል ይችላል። «ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ የነዳጅ ወጪ ነው የተጋራነው» የሚለውም መልስ ቢሆን ውሉ «ክፍያ» የሚለውን እንዴት እንደተረጎመው ሳይታይ አያድንም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው መሠረታዊ ሐሳብ ሙሉ ቅን ልቦና ነው። በ1906 የወጣው የእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ መድን የሚገባው ሰው ለአደጋው ግምት ጠቃሚ የሆነውን ሁሉ እንዲገልጽ ይጠይቅ ነበር። እዚያው እንግሊዝ በ2015 የወጣው ሕግ ግዴታውን በፍትሐዊ አቀራረብ መልክ አሻሽሎታል፤ በቸልታ የቀረ ነገር ሁሉ ውሉን ሙሉ በሙሉ እንዲያፈርስ አያደርግም። ሆኖም ፍሬ ነገሩ አልተለወጠም፦ የሌሊት ማጥመድ ካለ፣ ሞተሩ ከፋብሪካው በላይ በሆነ ጉልበት ከተተካ፣ ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶ ካሣ ተጠይቆ ከነበረ፣ አስቀድሞ መነገር አለበት። ውሉ የሚተዳደረው በእስራኤል ሕግ ነው ወይስ በእንግሊዝ ሕግ የሚለውም ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው።

2. መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ጀልባ

አብዛኛው ገዢ መድን ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ጀልባው ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ጀልባው ጠቅላላ ቢጠፋ የሚጠፋው ዋጋው ነው፤ መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል። አንድ እንግዳ እጁን በፕሮፔለር ቢያጣ ወይም የተወረወረ መንጠቆ ዓይኑን ቢወጋው ግን የሕክምናው፣ የጠፋው የሥራ አቅምና የሥቃዩ ካሣ ከጀልባው ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

እዚህ ላይ በእስራኤል የምናውቀው የመኪና ሕግ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳያረጋግጥ ካሣ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ለዚህም ነው የመኪና ግዴታ መድን ያለው። ያ ሕግ ግን ለየብስ መጓጓዣ የተበጀ ነው። ባሕር ላይ በጀልባ የተጎዳ እንግዳ የሚሄደው በተራው የጉዳት ሕግ በኩል ነው፤ የባለቤቱን ወይም የካፒቴኑን ቸልተኝነት አሳይቶ ይከሳል። ስለዚህ ለጀልባው ባለቤት ዋናው ጋሻ በሦስተኛ ወገንና በተሳፋሪ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የኃላፊነት መድን ነው።

በዚህ ክፍል አራት ነገሮችን እንመርምር። አንደኛ፣ ከፍሎ የተሳፈረ እንግዳ በ«ሦስተኛ ወገን» ውስጥ በግልጽ ተካትቷል ወይ? አንዳንድ ውል በሌላ ጀልባ ላይ ወይም በወደቡ ላይ ያለውን ሰው ሸፍኖ የራስን ተሳፋሪ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ የካሣው ጣሪያ ስንት ነው፤ ለአንድ ሰው ነው፣ ለአንድ አደጋ ነው፣ ወይስ ለዓመቱ ሁሉ? ሦስተኛ፣ የጠበቃ ወጪ ከጣሪያው ውስጥ ይቀነሳል ወይስ ከጣሪያው በላይ ይከፈላል? አራተኛ፣ እንግዶች ለዋና ወደ ውሃ ቢገቡ፣ ከመሰላሉ ቢወድቁ፣ ያጠመዱትን ዓሣ በጀልባው ላይ ጠብሰው ቢበሉና ቢታመሙ ይሸፈናል ወይ?

አንዳንድ ባለቤቶች እንግዳውን «በራሴ ኃላፊነት ወጥቻለሁ» የሚል ወረቀት በማስፈረም ይጽናናሉ። ወረቀቱ እንግዳው ስለ አደጋው ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ለማሳየት ይጠቅማል። መድንን ግን አይተካም፤ በ1982 የወጣው የእስራኤል የወጥ ውሎች ሕግ አቅራቢውን ከሕግ ኃላፊነቱ ነፃ የሚያደርግ አንቀጽን ደንበኛውን አላግባብ እንደሚጎዳ አድርጎ ይገምተዋል።

ጊዜውንም እናስብ። በ1958ቱ የይርጋ ሕግ መሠረት የተራ ጉዳት ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ባጠቃላይ 7 ዓመት ሲሆን፣ ተጎጂው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ቆጠራው የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ዛሬ የተጎዳ የ10 ዓመት ልጅ 25 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ሊከስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ያለቀ ውል አይጣልም፤ የየጉዞው መዝገብም እንዲሁ።

3. ረዳቱና ባለቤቱ ራሱ

ጀልባ ላይ ብዙውን ጊዜ ካፒቴንና አንድ ረዳት ይኖራሉ። ረዳቱ መልሕቅ ሲስብ ጣቱ ቢቀጠቀጥ፣ ብሔራዊ መድን (ቢቱዋሕ ሌኡሚ) በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠውን ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ለደረሰበት ጉዳት ግን አሠሪውን በቸልተኝነት ሊከስ ይችላል። ይህን የሚሸፍነው የአሠሪ ኃላፊነት መድን ሲሆን ከተሳፋሪው መድን የተለየ ምዕራፍ ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ አልፎ አልፎ ያግዘኛል» የሚባለው ሰው በተለይ ያሳስባል፤ ደመወዙ በደንብ ካልተመዘገበ፣ በአንዱ መድን ሠራተኛ አይደለም፣ በሌላው ተሳፋሪ አይደለም ተብሎ በመካከል ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ዘመድም ቢሆን በስሙና በሥራው ይመዝገብ።

ባለቤቱም ራሱ አለ። በግሉ የሚሠራ ሰው (ዓጽማኢ) በብሔራዊ መድን የሥራ ጉዳት መብት እንዲኖረው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በዚያ ስም ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ምዝገባውን ነገ አደርጋለሁ ብሎ ዛሬ ባሕር የወጣ ሰው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

4. ጀልባው፣ ሞተሩና ዋጋው

አሁን ወደ ንብረቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጀልባው ጠቅላላ ቢጠፋ የሚከፈለው የትኛው ዋጋ ነው የሚለው ነው። ሁለት መንገድ አለ። በአንዱ ሁለቱ ወገኖች ከመጀመሪያው በአንድ ዋጋ ይስማማሉ፤ ጀልባው ሲጠፋ ያ ዋጋ ይከፈላል። በሌላው አደጋው በደረሰበት ቀን ያለው የገበያ ዋጋ፣ እርጅናው ተቀንሶ ይታያል። የመጀመሪያው አረቦኑ ሊበልጥ ይችላል፤ በባንክ ብድር ለተገዛ ጀልባ ግን ዕዳው ሳይከፈል ካሣው እንዳያልቅ ይረዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዋጋ በታች መግባት ነው። ዋጋው 400,000 ሰቅል የሆነ ጀልባ አረቦን ለመቀነስ በ240,000 ተመዘገበ እንበል፤ ይህ ከዋጋው 60 በመቶ ነው። ማዕበል መትቶት የ100,000 ሰቅል ጉዳት ቢደርስ፣ ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለው መድን ሰጪው የሚያስበው 60 በመቶውን፣ ማለትም 60,000 ነው። ከዚያ ላይ የባለቤቱ የራስ ድርሻ (ሂሽታትፉት ዓጽሚት) 5,000 ሲቀነስ በእጅ የሚገባው 55,000 ይሆናል። ቀሪው 45,000 ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። «ጉዳቱ ከተመዘገበው ዋጋ በታች ነው፣ ስለዚህ ሙሉውን አገኛለሁ» የሚለው ግምት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው።

ሦስተኛው፣ የማይሸፈነውን ማንበብ ነው። የባሕር መድን ድንገተኛ አደጋን እንጂ እርጅናን አይከፍልም። ዝገት፣ መበላት፣ የጥገና ጉድለት በአብዛኛው ውሎች ከሽፋን ውጭ ናቸው። የ1985ቱ አንቀጾች የውጭ ሞተር ስርቆትን የሚሸፍኑት ሞተሩ ከተለመደው ማሰሪያ ሌላ በፀረ ስርቆት ቁልፍ ከተቆለፈ ነው። የውጭ ሞተር ሲተካም በአዲስና በአሮጌ መካከል ላለው ልዩነት እስከ ሲሶ ሊቀነስ እንደሚችል ይናገራሉ፤ 60,000 ሰቅል ለሚያወጣ ሞተር 20,000 ማለት ነው። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ፣ ዘንጎችና መዘውሮች ደግሞ በዝርዝር ካልተመዘገቡ የጀልባው አካል ተደርገው ላይቆጠሩ ይችላሉ።

አራተኛው፣ ሁኔታዎቹ ናቸው። ካፒቴኑ ለንግድ ጉዞ የሚበቃ የጸና ፈቃድ አለው ወይ? የጀልባው ዓመታዊ የብቃት ምስክር ወረቀት አልፏል ወይ? ከባሕር ዳርቻ ምን ያህል ርቆ መሄድ ተፈቅዷል? የተሳፋሪው ቁጥር ከተጻፈው ይበልጣል ወይ? ስምንት ሰው በተፈቀደለት ጀልባ ላይ ዘጠነኛ ሆኖ የወጣ አንድ ሕፃን የሁሉንም ሽፋን አጠያያቂ ሊያደርግ ይችላል።

5. የሰመጠ ጀልባ ወጪው አይሰምጥም

በወደብ መግቢያ ላይ የሰመጠ ጀልባ መንገድ ይዘጋል፤ ባለቤቱ እንዲያነሣው ይታዘዛል፤ ካላነሣው ሌላው አንሥቶ ሂሳቡን ይልክለታል። ክሬን፣ ጠላቂዎችና ጎታች መርከብ የሚጠይቁት ወጪ ጀልባው ካወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «ስብርባሪ ማንሣት» የሚለው ሽፋን ከጀልባው ዋጋ ውስጥ የሚቆረጥ ሳይሆን ራሱን የቻለ መጠን ያለው እንዲሆን እንጠይቅ።

ነዳጁም አለ። በእስራኤል የባሕርን ውሃ በዘይት ከመበከል የሚከላከለው የ1980 ድንጋጌ ሥራ ላይ ነው፤ ከተቀደደ ታንክ የፈሰሰ ናፍጣ የጽዳት ወጪ ያስከትላል። የጽዳት ወጪው መድን ሊገባለት ይችላል፤ በወንጀል የሚጣል መቀጮ ግን ባጠቃላይ አይሸፈንም።

ስለ መጎተትም አንድ ቃል እንበል። ከጥንት በመጣው የባሕር ሕግ መሠረት፣ በአደጋ ላይ ያለን ንብረት ያዳነ ሰው ካዳነው ዋጋ ጋር የተያያዘ ሽልማት መጠየቅ ይችላል፤ በ1989 የወጣው ዓለም አቀፍ የማዳን ስምምነትም ይህንኑ መርሕ ይዟል። ስለዚህ ውሉ የተራ ጉተታንም የማዳን ሽልማትንም እንደሚሸፍን እንመልከት።

6. ጦርነትና የተዘጋ ባሕር

በአሽዶድና በአሽቀሎን የሚሠራ ሰው ይህን ምዕራፍ ሊዘለው አይችልም። የግል መድን ውሎች ብዙውን ጊዜ የጦርነት ጉዳትን ያስቀራሉ። በእስራኤል በ1961ዱ የንብረት ግብርና የካሣ ፈንድ ሕግ መሠረት፣ በጦርነት ምክንያት በንብረት ላይ ለሚደርስ ቀጥተኛ ጉዳት መንግሥት ካሣ ይከፍላል። ጀልባው በማሪናው ታስሮ ሳለ ሮኬት ቢመታው የሚኬደው በዚያ መንገድ ነው፤ ጀልባው በዚያ ፈንድ የሚታይበትን ሁኔታ ግን ከሰላም ቀን ጀምሮ በጽሑፍ ጠይቆ ማወቅ ይገባል። ባሕሩ በትእዛዝ ተዘግቶ ለሳምንታት ጉዞ ቢሰረዝስ? ይህ የገቢ መቋረጥ ነው። ጀልባው ራሱ ስላልተጎዳ ተራው የጀልባ መድን አይከፍልበትም፤ የመንግሥት ካሣም በየጊዜው በሚወጡ ልዩ ደንቦች ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ጊዜ የመጀመሪያው መድን የጥቂት ወራት የብድር ክፍያ የሚሸፍን ተቀማጭ ነው።

7. ሁለት ዋጋ በእጃችን ሲኖር

ወኪሉ ሁለት ሐሳብ አቀረበ እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 6,000 ሰቅል፦ የግል መዝናኛ፣ የኃላፊነት ጣሪያ 500,000፣ የራስ ድርሻ 10,000። ሁለተኛው በዓመት 9,500 ሰቅል፦ እስከ ስምንት ተሳፋሪ በክፍያ የሚያወጣ ጀልባ፣ የኃላፊነት ጣሪያ 4,000,000፣ የራስ ድርሻ 5,000፣ ስብርባሪ ማንሣት ለብቻው። ልዩነቱ 3,500 ሰቅል ነው። ጀልባው በዓመት 100 ጉዞ ቢያደርግ ልዩነቱ በጉዞ 35 ሰቅል፣ በአማካይ ሰባት እንግዳ ቢይዝ ደግሞ በሰው 5 ሰቅል ይሆናል። አምስት ሰቅል በትኬቱ ላይ ቢጨመር የሚቀር እንግዳ የለም። የመጀመሪያው «ርካሽ» ውል ግን ለዚህ ንግድ በጣም ውድ ነው፤ 6,000 ሰቅል ተከፍሎበት ለሥራው ምንም አይሸፍንምና።

ከመፈረም በፊት ለወኪሉ (ሶኼን ቢቱዋሕ) የሚቀርቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ መልሳቸውን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እንቀበል።

— ጀልባው በክፍያ እንግዳ እንደሚያወጣ በውሉ የትኛው ገጽ ላይ ተጽፏል?
— የሁሉም ሸሪኮች፣ የካፒቴኖቹና የአበዳሪው ባንክ ስም ተካቷል?
— ማሪናው የሚጠይቀው ሽፋንና የምስክር ወረቀት ተሟልቷል?
— የሌሊት ጉዞ፣ የክረምት ወራትና የተፈቀደው ርቀት እንዴት ተቀምጧል?
— ሌላ ካፒቴን ለአንድ ቀን ቢተካ ሽፋኑ ይቀጥላል?
— አደጋ ሲደርስ ለማን፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እናሳውቅ?

8. አደጋ ሲደርስ

ቅድሚያ ለሰው ሕይወት ነው። ቀጥሎ ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለው ሁሉ ይደረጋል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ጀልባው ወደ ዳር ይጎተታል። ጉዳትን ለመቀነስ የወጣ ተገቢ ወጪ በባሕር መድን ልማድ የሚመለስ ስለሆነ ደረሰኙ ይያዝ። ፎቶ ይነሣ፤ የእንግዶቹ ስምና ስልክ ይመዝገብ፤ መድን ሰጪው ወዲያው በጽሑፍ ይነገረው። የተጎዳውን ማጽናናትና መርዳት የሰው ወግ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁሉንም እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም ግን መድን ሰጪው ሳያውቅ መደረግ የለበትም፤ ሽፋኑን ሊጎዳ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ካፒቴን ዓርብ ጠዋት ጓደኞቹን ያለ ክፍያ ያወጣል፤ በሌሎቹ ቀናት በክፍያ ይሠራል። ለመድን ሰጪው ምን ብሎ መግለጽ አለበት? ለምን?
2. ዋጋው 300,000 ሰቅል የሆነ ጀልባ በ200,000 ተመዝግቦ የ90,000 ሰቅል ጉዳት ደረሰበት፤ የራስ ድርሻው 6,000 ነው። በተመጣጣኝነት አንቀጽ ስንት ይከፈላል? (መልስ፦ 54,000)
3. በቤታችሁ ካሉት የመድን ውሎች አንዱን፣ የመኪናም ሆነ የሱቅ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና አንብቡ። በውሉ የተጻፈው ሥራና እነሱ በእውነት የሚሠሩት ሥራ አንድ ነውን? የሚለያይ ከሆነ እስከሚቀጥለው እድሳት ሳትጠብቁ ወኪሉን በጽሑፍ ጠይቁ።